የእትዬ ወርቅውሃ ግራ እጅ

እትዬ ወርቅውሃ በአንድ እጃቸው ሰጥተውም ተቀብለውም አያውቁም። ቀኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ግራው ይከተልና የቀኙን አንጓ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ ወገባቸውም ሰበር ይላል። ለቄስ እንደዚያ ነው፣ ለሕፃን እንደዚያ ነው፣ ለሱፐርማርኬት ካሸርም እንደዚያ ነው። በሱዳን በኩል ላስ ቬጋስ ከገቡ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ይቺን ግን አልተዉም። «እናቴ በአንድ እጄ የሰጠኋትን አትቀበለኝም ነበር» ይላሉ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜን የሚያፈላው ነገር ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ ነው።

እኔ ዕንቁ እባላለሁ። ከስምንት ዓመት በፊት ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ የመጀመሪያውን ወር ያደርኩት እሳቸው ቤት ነው። መኪና መንዳት ያለማመዱኝ ባላቸው ጋሽ ፋንታዬ ናቸው። ጋሽ ፋንታዬ አሁን ኩላሊታቸው ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በማሽን ይታጠባል። ይህን ሁሉ የሚሸፍነው ኢንሹራንስ በእትዬ ወርቅውሃ ሥራ በኩል የሚገኝ ነው። እሳቸው ሥራ ካጡ ጋሽ ፋንታዬ የሚታከሙበት የላቸውም። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የተወሳሰበ ነገር የለበትም።

ሥራቸው የሆቴል ላውንድሪ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንሶላ በትልቁ መተኮሻ ሮለር ውስጥ ሲያስገቡ ኖረዋል። ሮለሩ አንዴ ቀኝ ሌባ ጣታቸውን ይዞባቸው ጫፉ ወደ ጎን ተጣሞ ቀርቷል። በረኪናው ደግሞ የጣታቸውን አሻራ በልቶ ጨርሶታል። የድሮው የመግቢያ ማሽን አሻራ የሚያነብ ስለነበር ሁልጊዜ ይጨቃጨቁት ነበር፤ ቢሆንም አንዱ ጣት እንቢ ሲል ሌላው እየሠራ ይኖሩ ነበር።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። በፈረንጆቹ 2020 መጋቢት ላይ ካዚኖዎቹ በሙሉ ተዘጉ። እኔ የካዚኖ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ፣ ተመልሰሽ ነይ ያለኝ የለም። እሳቸውን ነሐሴ ላይ ጠሯቸው። ሲገቡ ግድግዳው ላይ አዲስ ማሽን ተሰቅሏል፤ ጣት የሚከተትበት ቀዳዳ ያለው ጥቁር ሣጥን። የሺፍት ሱፐርቫይዘራቸው አበባየሁ፣ የኛው አገር ልጅ፣ ሠራተኛውን ሰብስቦ አስረዳ። «ይሄ አሻራ አያይም፣ ከቆዳ ሥር ያለውን ደም ሥር ነው የሚያየው። ማንም የነካውን አትነኩም። እማማ ወርቅውሃ፣ አሻራዎ ቢያልቅም ደም ሥርዎ አያልቅም!» አለ። እሳቸው ደስ ብሏቸው ማታ ደወሉልኝ። «የውስጤን የሚያይ መጣልኝ» አሉኝ።

በነሐሴ ሁሉም ተመዘገበ፤ በመስከረም ማሽኑ ሥራ ሲጀምር አላውቅዎትም አላቸው።

እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሥራ አገኘሁ። በዚህ ከተማ ስንት ዓይነት ሥራ እያለ የገባሁበትን ተመልከቱ። ከምኖርበት ከሴንቴኒያል ሂልስ ሌላው የከተማ ጫፍ ሄንደርሰን ድረስ ጠዋት ጠዋት አርባ ደቂቃ እየነዳሁ ደም ሥር እስል ነበር። ሄንደርሰን ውስጥ ለእንደዚያ ያሉ ማሽኖች ፕሮግራም የሚሠራ ትንሽ ድርጅት አለ። አሥራ አራት ሰው በመሃላችን ፕላስቲክ ተጋርዶ እንቀመጣለን፤ ስክሪናችን ላይ የጣት ፎቶ ይመጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጣት ሣጥኑ ውስጥ ሲገባ በአንድ በኩል ዓይን የማያየው ብርሃን ይበራበታል፣ በሌላው በኩል ካሜራ ያነሳዋል። ብርሃኑ ሥጋውን አልፎ ይወጣል፣ ደም ግን ይውጠዋል፤ ስለዚህ ደም ሥር ያለበት ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ጣቱን ከጀርባው ጨለማ ለይቶ ያወጣል። ከዚያ እያንዳንዷን ነጥብ ደም ሥር ነሽ፣ ደም ሥር አይደለሽም እያለ ይለያል። ይህን ልየታ ሴግመንቴሽን ይሉታል። ተለይቶ የቀረውን መስመር በምዝገባ ቀን በትንሽ የእጅ ማሽን ከተነሳው ጋር ያስተያያል፤ ከገጠመ አረንጓዴ፣ ካልገጠመ ቀይ።

ድሮ ልየታው በጥቁረት ልክ ነበር አሉን። ከዚህ የጠቆረ ሁሉ ደም ሥር ነው ብለው ይቆርጣሉ። ያ ደም ሥሩ ለደመቀ ሰው ይሠራል፤ ለቀዘቀዘና ለከሳ ጣት ግን ሁሉም አመድ ነው፣ የሚቆረጥ ነገር የለም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከሰው ይማር ተባለ። ሰው ማለት እኛ ነን። እኛ በማውስ ደም ሥሩን ተከትለን መስመር እንስላለን፣ እሱ የኛን መስመር አይቶ ይማራል። ጓደኞቼ «ዕንቁ ሐኪም ሆነች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ሌላም ሥራ ነበረን። ማሽኖቹ ቀይ ያበሩባቸው ጣቶች ፎቶ ከየመሥሪያ ቤቱ ወደ እኛ ይላካል። አይተን ለምን እንዳልገጠመ ኮድ እንሰጣለን። ሁለት በተን አለ። አንዱ የማሽን ችግር ነው፤ እሱን የነካ አሥራ አንድ ጥያቄ ያለው ፎርም ይከፈትበታል። ሁለተኛው ኮድ አርባ ሁለት፣ የጣት አቀማመጥ ስህተት ነው፤ እሱን ስትነካ ምንም አይመጣም፣ ፎቶው ይጠፋል፣ ቀጣዩ ይመጣል። በሰዓት ስልሳ ፎቶ መጨረስ ነበረብን። የትኛውን እንነካ እንደነበር መናገር አያስፈልገኝም። የደረቀ ጣት፣ የሽማግሌ ጣት፣ የተቆለመመ ጣት ሲመጣ አርባ ሁለት፣ አርባ ሁለት፣ አርባ ሁለት። ፎቶ ነው ብዬ። ፕሮግራሙ እንዲማር ነው ብዬ።

ኅዳር ላይ እትዬ ወርቅውሃ ደብዳቤ አንብቢልኝ ብለው ጠሩኝ። ቤታቸው ስገባ ጋሽ ፋንታዬ ከሕክምና ተመልሰው ሶፋው ላይ ተኝተዋል። እሳቸው ጠረጴዛው አጠገብ ደብዳቤውን ከፕላስቲክ ውስጥ አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ማስጠንቀቂያ ነው። ስድስት ነጥብ ተመዝግቦባቸዋል፤ አሥር ሲሞላ ይሰናበታሉ።

«የምን ነጥብ ነው?» አልኳቸው።

«ያ ሣጥን ቀይ ባበራብኝ ቁጥር። ሦስት ጊዜ ሞክሬ እንቢ ሲለኝ አበባየሁ ያስገባኛል፣ ሙሉ ቀን እሠራለሁ። በሳምንቱ ያልተረጋገጠ መግቢያ ተብሎ ነጥብ ይመጣብኛል።»

ደሜ ፈላ። ሰው በዓይን እየታየ፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ በሚያቃጥል እንፋሎት ውስጥ ቆሞ አንሶላ ሲተኩስ ውሎ አልመጣህም ይባላል? ሠላሳ አንድ ዓመት የሚያውቃቸው ሆቴል ማንነታቸውን ከሣጥን ይጠይቃል? አበባየሁን፣ ሆቴሉን፣ አገሩን በሙሉ አንድ በአንድ ሰደብኩ። ጋሽ ፋንታዬ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «በይላቸው» አሉኝ። ስድቤን ሳልጨርስ ወደ ደብዳቤው ግርጌ ወረድኩ። ምክንያት የሚል አለ፤ አጠገቡ ኮድ አርባ ሁለት ተጽፏል።

መስመሩን ደግሜ አነበብኩት። እትዬ ወርቅውሃ «ምን ይላል? ምን አጥፍተሻል ነው የሚለኝ?» አሉ። «ጣትዎን በደንብ አላስቀመጡም ነው የሚለው» አልኳቸው። ያን ጊዜ አለቀሱ። ባልሽ ታሟል ሲባሉ ያላለቀሱ ሴትዮ። «እንዴት አድርጌ ላስቀምጠው ታዲያ? የቀረኝ ይሄው ጣት ነው» እያሉ የተጣመመች ጣታቸውን አሳዩኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ያቺን በተን የምነካት እኔ ነኝ አላልኩም። እጃቸውን ይዤ አበባየሁን እንደገና ሰደብኩላቸው።

በማግስቱ ለአበባየሁ ደወልኩለት። አበባየሁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«እኔ ምን ላድርግ ዕንቁ፣ ሪፖርቱ አውቶማቲክ ነው» አለኝ። «ኦቨርራይድ ሳደርግ፣ ማሽኑን አልፌ ሳስገባ ማለት ነው፣ በኔ ስም ነው የሚወጣው። በወር ከአምስት በላይ ካደረግኩ እኔንም ይጠይቁኛል።»

«ሴትዮዋን በዓይንህ ታያቸዋለህ አይደል? አንሶላውን የሚተኩሰው መንፈስ ነው እንዴ?»

«አያቸዋለሁ። የኔ ማየት ግን አይቆጠርም።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። የእሱ ማየት አይቆጠርም፤ የኔ ማየት ነው የሚቆጠረው፣ እኔ ደግሞ አላይም ነበር። ይሄን ሳስብ ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ።

ሥራ ቦታ ፎቶዎቹ ስም የላቸውም፣ የመሥሪያ ቤት ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። የሆቴሉን ቁጥር ከደብዳቤው ላይ ይዤ ወደ ኋላ ተመልሼ ፈለግኩ። ጫፉ ወደ ጎን የተጣመመ ሌባ ጣት ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። ከጎኑ የምዝገባ ቀን ፎቶው ነበር። አየሁትና ግራ ገባኝ። በምዝገባው ቀን ደም ሥራቸው ወፍራም፣ ጥቁር፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋ ነው። በኋላ በተነሱት ላይ ግን ያ ሁሉ የለም፤ አመድ ላይ የተጫረ የሚመስል ሁለት ቀጭን መስመር ብቻ። አንድ ጣት ነው፤ የሁለት ሰው ይመስላል። ማሽኑ የማይገጥም ነገር አይቶ አይገጥምም ማለቱ ነው። ማን አሳበጠው ታዲያ በምዝገባው ቀን? ቀን ሙሉ አስቤ አልመጣልኝም።

ታኅሣሥ ላይ ነጥቡ ዘጠኝ ደረሰ፤ ለጥር ቀርበሽ አስረጂ የሚል ደብዳቤ መጣ። ያን ሰሞን የአበሻ ቤት ሁሉ ሎሚና ዝንጅብል ያፈላ ነበር። እትዬ ወርቅውሃ ጓሯቸው ያለውን ሎሚ ለቅመው ለየሰዉ ያድላሉ። መኪናዬን በራቸው ላይ አቁሜ መስኮቱን ዝቅ ሳደርግ ፌስታሉን ይዘው መጡ፤ በቀኛቸው ዘረጉልኝ፣ በግራቸው አንጓቸውን ጨበጡ። እጃቸው ዓይኔ ሥር ነው። የእጃቸው ጀርባ ላይ ያለው ሥር ሲነሳ አየሁት። አጥብቀው ስለያዙት ደሙ መመለሻ አጥቶ ቆሟል፣ ልክ ሐኪም ደም ሊቀዳ ክንድ ሲያስር እንደሚሆነው።

«እትዬ! የተመዘገቡ ቀን ማሽኑን ማን ይዞት ነበር?»

«አለቃችን ናታ፣ ትልቋ። በእጇ ይዛ እየዞረች ስጪኝ አለችኝ፣ ሰጠኋት።»

«እንዲህ አድርገው?»

«ታዲያ ለሰው በአንድ እጅ እሰጣለሁ?» ተቆጡ።

ግድግዳው ላይ ላለው ሣጥን ግን እንደዚያ አያደርጉም። ግድግዳ ሰው አይደለማ። መሪውን በቡጢ መታሁት። አክብሮታቸውን ነው ፎቶ አንስተው የመዘገቡት፣ አሁን ያለ አክብሮት ስትመጪ አናውቅሽም የሚሏቸው!

ጥር ላይ በአስተርጓሚነት አብሬያቸው ገባሁ። ጠረጴዛው ረጅም ነው። በአንደኛው ጫፍ ያቺው ትልቋ አለቃ፣ አጠገቧ አበባየሁ፤ በሌላው ጫፍ እኛ፣ ሁላችንም በማስክ። አለቃዋ ከወረቀት ላይ ዘጠኙን ነጥብ አነበበች። እኔ ማሽኑ ይምጣልን አልኩ፤ የምዝገባውን ትንሹን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እትዬ ወርቅውሃ ጣታቸውን ከተቱ። ቀይ። እንደገና። ቀይ።

«እትዬ፣ ለኔ ሎሚ ሲሰጡኝ እንደሚያደርጉት» አልኳቸው።

አንጓቸውን ጨበጡ፣ ትንሽ ጠበቁ። አረንጓዴ በራ።

ነገሩን አስረዳሁ። አለቃዋ እጇን አጨበጨበች፣ ከልቧ ደስ አላት። በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ስትል አበባየሁ ቀደመኝና ተረጎመው። «እማማ፣ ፕሮብሌሙ ተፈታ! ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ አንጓዎን ይዘው ጣትዎን ይክተቱ፣ ፓንች ያድርጉ።»

እትዬ ወርቅውሃ ከወንበራቸው ተነሱ። እኔ ስቆጣ ነው የኖርኩት፤ እሳቸው ሲቆጡ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

«አበባየሁ፣ አንተ ልጄ ነህ፣ ይሄን ንገራት» አሉ። «ይሄ ሰው የማከብርበት እጄ ነው። እሷን ሰው ብዬ ሰጠኋት። ጠዋት ጠዋት ለሣጥን እጅ ልነሳ ነው? ሣጥን አክብሬ ነው እንጀራዬን የምበላው? አላደርገውም! እንደ አዲስ ትመዝግበኝ። ያለ አክብሮት ትመዝግበኝ።»

አበባየሁ ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረ። እኔ ቃል በቃል፣ ምንም ሳላለሰልስ ተረጎምኩት። አለቃዋ ፊቷ ቀላ፤ ማሽኑን አንስታ ዘረጋችላቸው። እትዬ ወርቅውሃ ግራ እጃቸውን የሹራባቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና የተጣመመች ጣታቸውን ብቻዋን ሰጧት። ኪሱ ውስጥ ግራ እጃቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኝ ነበር፤ የሠላሳ አምስት ዓመት ብቻ ሳይሆን የዕድሜ ልክ ልማድ ነው የያዙት። ሦስት ጊዜ ተነሳ፣ ተመዘገበ።

ነጥቦቹ ግን አልተፋቁም። አለቃዋ ኮዱ የመጣው ከማሽኑ ድርጅት ነው፣ እነሱ ካልቀየሩት እኔ አልፍቀውም አለች። አንድ ቀዝቃዛ ጠዋት፣ አንድ ቀይ መብራት ብቻ ነው የቀራቸው። እትዬ ወርቅውሃ ወደ እኔ ዞረው «እነዚያን ሰዎች የት ነው የሚያገኟቸው?» አሉኝ። «እኔ እፈልጋቸዋለሁ» አልኩ። ይቺን መልሴን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

በማግስቱ ሄንደርሰን ተቀምጬ ዘጠኙን ፎቶ አወጣሁ። የማሽን ችግር የሚለውን በተን ነካሁ፣ ፎርሙ ተከፈተ። አሥራ አንደኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን ኮድ የሰጠው ሠራተኛ ማን ነው ይላል። ከዘጠኙ ሦስቱ የሌላ ሰው ናቸው። ስድስቱ የኔ ናቸው። ስድስት ጊዜ እኚያን ሴትዮ አጥፍተሻል ብያቸዋለሁ፣ አንዱን ጊዜ ምናልባት ምሳዬን እየበላሁ።

እውነቱን ልናገር። ሦስቱን ብቻ ላስተካክል ብዬ አሰብኩ። ስድስት ነጥብ አያባርርም፣ ስሜም አይወጣም። አንድ ሙሉ ሰዓት አሰብኩት፤ በዚያ ሰዓት ስልሳ ፎቶ መጨረስ ነበረብኝ። በሰው ላይ ስጮህ የከረምኩት ሴትዮ፣ አበባየሁን ፈሪ ያልኩት ሴትዮ፣ ስሜን መጻፍ ፈርቼ ፎርሙን ሁለቴ ዘግቼ ከፈትኩት። በመጨረሻ በራሴ ላይ በጣም ስለተናደድኩ ነው እንጂ ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፣ ዘጠኙንም ሞላሁ። ስድስት ጊዜ ዕንቁ ብዬ ጻፍኩ። ያን ቀን ሥራሽ ቀንሷል ብለው ለእኔም ማስጠንቀቂያ ጻፉልኝ። ቀድጄ ጣልኩት።

ነጥቦቹ ተፋቁ። ሆቴሉ የፎርሙን ቅጂ ለእትዬ ወርቅውሃ ሰጣቸው። ያነበበላቸው አበባየሁ ነው፤ ከሰው ሁሉ እሱ። እኔ ልነግራቸው ነበር፣ ቅዳሜ፣ ቅዳሜ ካልሆነ እሑድ እያልኩ። እሱ ቀደመኝ።

የካቲት ላይ ሎሚ ውሰጂ ብለው ላኩብኝ። በራቸው ላይ ቆምኩ፣ መስኮቱን አወረድኩ። ጋሽ ፋንታዬ ከውስጥ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። እትዬ ወርቅውሃ ፌስታሉን ይዘው መጡ።

«ስድስቱንም ጻፍሽው አሉኝ» አሉ።

«አዎ እትዬ።»

«ጥሩ አደረግሽ። ፋንታዬ ይታከማል።» የፌስታሉን አፍ ቋጠሩ። «ያን ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጠሽ እጄን ይዘሽ ሳለቅስ ግን ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ፌስታሉን በመስኮቱ ዘረጉልኝ። ግራ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

እኔ በሁለት እጄ ተቀበልኩ።